«ፈረንጇ አማርኛ ቻለች!» . . . ታዲያ ምን ያስቃል?

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። አንድ ፈረንጅ መንገድ ላይ አግኝቷችሁ «እንደምን አደራችሁ» ቢላችሁ መጀመሪያ የምታደርጉት ምንድን ነው? ትስቃላችኋ! ቀጥሎስ? «ውይ! አማርኛ ይችላል!» ብላችሁ ጓደኛችሁን በክርናችሁ ትጎስማላችሁ። ከዚያ ወሬውን በእንግሊዝኛ ትቀጥላላችሁ። ሰውየው ያቺን አንዲት ሰላምታ አፉ ላይ ለማሳረፍ ስንት ሌሊት እንደባዘነ የሚያውቀው እሱና ፈጣሪው ብቻ ናቸው።

የዛሬ ርዕሴ ስለ ቱሪስት አይደለም። ቱሪስትማ ደባርቅ ይደርሳል፣ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይከፍላል፣ ጠመንጃ ያነገተ ስካውትና በቅሎ ይይዛል፣ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ አድሮ ጭላዳውንና ዋልያውን ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። «አመሰግናለሁ»ን ቢያበላሻት ባያበላሻት ኑሮው አይጎድልም። የማወራው ቤት ተከራይቶ ስለሚኖረው፣ ሽንኩርት ተከራክሮ ስለሚገዛው፣ ለቅሶ ስለሚደርሰው፣ መብራት ሲጠፋ ጎረቤት ሄዶ ክብሪት ስለሚለምነው የውጭ አገር ሰው ነው። ለእሱ አማርኛ ጌጥ አይደለም፤ እንጀራ ነው። ታዲያ አፉን በከፈተ ቁጥር ሰው ከሳቀበት እንዴት ይኑር?

ደባርቅና ዳባትን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ዳባትን አልፋችሁ፣ ከጎንደር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ስትጓዙ ደባርቅን ታገኛላችሁ። ከዚያ ወዲያ መሬቱ በሊማሊሞ ቁልቁል ይወርዳል። አገሩ ደጋ ነው፤ ጋቢና ቡሉኮ ከትከሻ አይወርድም። ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች እንግዳ ሰው አይደበቅባትም። ጠዋት ምን እንደገዛ ማታ ሁሉም ያውቃል። እኔም እዚያው ያደግሁ ነኝና ለዓመታት እየመጡ የኖሩትን አይቻለሁ፤ አንዳንዶቹን አውርቻቸዋለሁ። መምህር አለ፣ የጤና ባለሙያ አለ፣ የዱር አራዊት አጥኚ አለ፣ አግብቶ የቀረም አለ። ስማቸውን አላነሳም። ጉዳዩ ግን የሁላቸውም ነው።

«ቁልፌ ተፋ!»

ከአውሮፓ የመጣች አንዲት መምህርት ነበረች። ከኮሮናው በፊት ሁለት ዓመት ያህል ደባርቅ ኖራለች። የተከራየችው አንዲት ጠላ ጠምቀው የሚተዳደሩ እናት ግቢ ውስጥ ነው። እናትየውን እኛም «እትዬ» ነው የምንላቸው፣ እሷም «እትዬ» አለቻቸው።

የመጀመሪያው ሰሞን የሳቅ ሰሞን ነበር። አንድ ቀን በር ላይ ቆማ «እትዬ፣ ኩልፌ ተፋ» አለቻቸው። ቁልፌ ጠፋ ማለቷ ነው። እትዬ ደንግጠው «ኧረ ምኑን ነው የተፋው ልጄ?» አሉ። ሌላ ቀን በሆነ ነገር ቅር ብሏት «ክር አለኝ» ስትላቸው «ክሩን አምጪው እንግዲያ፣ መርፌው እኔ ዘንድ አለ» ብለው ቀሚሳቸውን ሊጥፉ ተዘጋጁ። ደግሞ አንድ ምሽት የጎረቤት ሕፃን ምግብ እንቢ ብሎ ሲያለቅስ አየችና «ልጁ ይበላል?» ብላ ጠየቀች። ግን «በ»ንና «ላ»ን አጥብቃ ነው ያለችው፤ ጅብ ይበላዋል ወይ እንደማለት። የልጁ እናት አማተበች።

ይኼ ሁሉ ያስቃል፤ አላስቀኝም የሚል ካለ ውሸቱን ነው። እሷም ትስቅ ነበር። ክፋቱ ሳቁ አለማለቁ ነው። ሰፈሩ ንግግሯን እንደ ቀልድ ያዘው። ልጆች ከኋላዋ እየተከተሉ «ኩልፌ ተፋ!» ማለት ጀመሩ። ሱቅ ስትገባ ባለሱቁ ዕቃውን ከመስጠቱ በፊት «እስቲ ድገሚው» ይላታል፤ ደንበኞቹን ለማሳቅ። ሻይ ቤት ስትቀመጥ «እስቲ ጨጨብሳ በይ!» እያሉ ይፈትኗታል። አንድ ዓመት ሳይሞላ ልጅቷ ዝም አለች። በእውነት ዝም አለች። ሱቅ የምትፈልገውን ወረቀት ላይ ጽፋ የእትዬን የልጅ ልጅ ትልካለች። አንድ የ9 ዓመት ልጅ አፏ ሆነላት። ሰዎች ደግሞ ምን አሉ? «ፈረንጇ ኮራች።»

ያቺ ምሽት

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገሩኝ እትዬ ራሳቸው ናቸው፤ እሷም አረጋግጣልኛለች።

አንድ ማታ እትዬ ከምድጃው አጠገብ ተዝለፍልፈው ወደቁ። የቆየ ደም ግፊት አለባቸው። ልጁ አልነበረም፣ ግቢው ውስጥ ያለችው እሷ ብቻ ናት። በባዶ እግሯ እየሮጠች ወጣችና ከረንቡላ ቤቱ በር ላይ ለቆሙት ወጣቶች ጮኸች፦ «እትዬ ወደከች! መኪና ትሩ! መኪና ትሩ!»

ጥሩልኝ ማለቷ ነበር። እነሱ ግን «ጥሩ መኪና» ነው የሰሙት። አንዱ «የስ! ቬሪ ጉድ መኪና!» አላት። ሌላው ድምፅዋን አስመስሎ ደገመው። ተሳቀ። ጭራሽ ሌሎች ተጠሩ፤ «ኑ፣ ፈረንጇ ጀመራት!» ተብሎ። ልጅቷ እያለቀሰች መሬት ላይ እስክትቀመጥ ድረስ ነገሩ ቀልድ ነበር። በኋላ አንድ የባጃጅ ሹፌር እግሯን አየ። ባዶ እግሯን፣ በዚያ ብርድ! «ቆዩ እንጂ፣ ይቺ ሴት ምን ሆና ነው?» አለና ተከትሏት ገባ። እትዬን ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሷቸው፤ ዳኑም። ግን አንድ አሥር ደቂቃ በሳቅ አልፏል። አሥር ደቂቃ ለወደቀ ሰው ስንት እንደሆነ እናንተው ገምቱ።

ኋላ ሳናግራት ያለችኝን ፊደሉን አስተካክዬ ላስቀምጠው፦ «እናንተ ድምፄን ትሰማላችሁ፣ ነገሬን አትሰሙም።»

ይቺን ዐረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። የዛሬው ጽሑፍ ሁሉ ይቺው ናት።

ጥፋቱ የማን ነው? የጉሮሮ ነው!

ብዙዎቻችን «ሁለት ዓመት ኖሮ እንዴት ‹ጠ› ማለት ያቅተዋል?» እንላለን። ሰነፍ ይመስለናል፤ ወይም የናቀን። ነገሩ ግን ሌላ ነው።

እስቲ አሁኑኑ ሞክሩት። መዳፋችሁን አፋችሁ ፊት አድርጉና «ተ» በሉ። ትንፋሻችሁ እጃችሁን ይነካዋል። አሁን ደግሞ ሌላ እጃችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጉና «ጠ» በሉ። ጉሮሯችሁ ይዘጋል፣ ማንቁርታችሁ ወደ ላይ ዘለል ይላል፣ ድምፁ እንደ ቡሽ ይፈነዳል። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ፣ ጰ . . . አምስቱም እንደዚሁ ናቸው። እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ እንደነዚህ ያሉ ፊደሎች የላቸውም። ስለዚህ የእነዚያ አገሮች ሰው «ጠ»ን «ተ»፣ «ቀ»ን «ከ»፣ «ጨ»ን «ቸ» አድርጎ ያወጣዋል። «ልጅሽ መጣ» ሊል «ልጅሽ መታ» ይልና ሰው ያጣላል።

ሌላው መከራ ደሞ ማጥበቅና ማላላት ነው። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና አልደረሰም» የሚለው ገና ይሁን ፊደሉ አይነግረንም፤ እኛ በለመድነው እናነበዋለን። «ዋና»ም እንዲሁ፤ ውኃ ውስጥ የሚዋኘው አለ፣ ዋናው አለቃም አለ። የውጭ አገር ሰው ይህን ከየት ያምጣው? ፊደል ገበታችንን ሙሉውን ቢሸመድድ እንኳ እዚያ ላይ አልተጻፈም።

ከዚህ በላይ የሚገርመው የጆሮ ጉዳይ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ የተባሉ ካናዳ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሕፃናትን ፈትነው ነበር። ስድስትና ሰባት ወር የሆናቸው የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ሰምተውት የማያውቁትን የሕንድኛና የአንድ የካናዳ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ድምፆች ለይተው ይሰማሉ። ከፈተኗቸው ድምፆች መካከል እንደ እኛው «ቀ» ጉሮሮ ተዘግቶ የሚወጣ ይገኝበታል። እነዚያው ዓይነት ልጆች ዓመት ሊሞላቸው ሲል ግን መለየቱን ይተዉታል። ጆሯቸው የእናታቸውን ቋንቋ መርጦ ይይዛል፣ የማያስፈልገውን ይጥላል። ታዲያ የ30 ዓመቷ መምህርት «ጠ»ን ብታጣው ሰነፍ ሆና ነው? ገና በጡት ላይ ሳለች የተዘጋ በር ነው እያንኳኳች ያለችው። በልምምድ ይከፈታል፤ አንዳንዶች ከፍተውታል። ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳይስቅ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል።

ጥቁር ከሆነስ?

ነጩ ቢያንስ ገና ከሩቅ እንግዳ መሆኑ ይታወቅለታል። መልኩ እኛን የሚመስለውስ? ከጎረቤት አገር መጥቶ ዳባትና ደባርቅ ለአንድ ድርጅት ይሠራ የነበረ ወጣት አውቃለሁ። የእሱ መከራ የተገላቢጦሽ ነው። ዝም ሲል ያገር ልጅ ነው፤ ሰው በአማርኛ ያዋራዋል፣ አዛውንት አቁመው መንገድ ይጠይቁታል። አፉን ሲከፍት «ፀጉረ ልውጥ» ይሆናል።

«ነጩ ጓደኛዬ አማርኛ ሲሰብር ይጨበጨብለታል፤ እኔ ስሰብር መታወቂያ እጠየቃለሁ» ብሎኛል። እውነቱን ነው። ፈረንጅ ሁለት ቃል ሲናገር «ጎበዝ!» እንላለን፤ ጥቁሩ ሁለት መቶ ቃል ተናግሮ አንዷን ሲያበላሽ «ይኼ ሰው ማነው?» እንላለን። ስለዚህ ልጁ ዘዴ ፈጠረ። ሻይ ቤት ሲገባ ከሁሉ በፊት ጮክ ብሎ «እንግዳ ነኝ፣ አማርኛ እየተማርሁ ነው፣ ብሳሳት አርሙኝ» ይላል። ሰው ይስቃል፣ ቦታ ይለቅለታል፣ ነገሩ ይበርዳል። በ2013 ዓ.ም መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ሲደርስ እሱ ከአካባቢው ወጥቶ ነበር። «እንኳን ያኔ አልነበርኩ፤ ያኔ ቢሆን የሚያስጠይቀኝ አነጋገሬ ነበር» ይላል።

አነጋገር ሰውን የሚያስጠይቅበት ታሪክ ደግሞ የትናንት አይደለም። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12ን ያነበበ ያውቀዋል። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ አንዲት ቃል ያስብሉት ነበር። «ሺ»ን «ሲ» ያለ ተገደለ፤ 42 ሺህ ሰው አለቀ ይላል። በአንዲት ፊደል! እኛም ባለፉት ዓመታት ሰው በአነጋገሩ የሚጠረጠርበትን ጊዜ አይተናል፤ የውጭ አገር ሰው ብቻ ሳይሆን የራሳችን ሰው። ስለዚህ «ቀልድ ነው እኮ» ከማለታችን በፊት ቀልዱ ወዴት እንደሚሄድ ብናስብ አይከፋም።

ከእነሱ በፊት የመጡት

ስሜን ለእንግዳ አነጋገር አዲስ አገር አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም ከምጽዋ ተነስቶ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ገብቷል። ያገሩ ሰው ስሙን በእኛው «ያዕቆብ» አለው። እሱ ግን በመጽሐፉ «ያጉቤ» እያለ ነው የጻፈው። አያችሁ? የዛሬ 250 ዓመት ገደማም «ቆ» አስቸግራ ነበር!

ከእሱ በኋላ የመጣው ጀርመናዊው ዕፅዋት ሰብሳቢ ቪልሄልም ሺምፐር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1837 ገብቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ በ1878 ዓድዋ ላይ እስኪሞት ኖሯል። ደጃዝማች ውቤ ስሜን ውስጥ ያሠሯት፣ ቴዎድሮስም በ1847 ዓ.ም የነገሡባት የደረስጌ ማርያም ስትሠራ የእሱና የአገሩ ሰው የኤዱዋርድ ዛንደር እጅ አለበት። ከ40 ዓመት በኋላም ሰውየው እንግዳ ነው ብሎ የሚያስብ ይኖር ይሆናል። ግን ሥራው ቆሟል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የስሜን ተራሮች ፓርክ ሲቋቋም የመጀመሪያው ዋርደን ከዌልስ የመጣው ክላይቭ ኒኮል ነበር። ሁለት ዓመት ሠርቶ ስለ ስሜን መጽሐፍ ጻፈ። ኋላ ጃፓን ገባ፣ ጃፓንኛ ተምሮ ጻፈበት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዜግነቱን ወሰደ፣ በ2020 እዚያው አረፈ። በ1955 ዓ.ም መግቢያ ላይ ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት አገራችን ገብተው በየአውራጃው ትምህርት ቤት እንደተበተኑም አባቶቻችን ያስታውሳሉ። የሕንድ መምህራንም መጥተዋል። የእንግሊዝኛችን ግማሹ ከእነሱ የተቀዳ ነው። የሕንዱን መምህር አነጋገር እያስመሰለ ክፍል ያላሳቀ ተማሪ የለም፤ ፊዚክሱን ያወቅነው ግን በዚያው አነጋገር ነው።

እኛስ ስንሄድ?

አሁን መስተዋቱን ወደ ራሳችን እናዙረው። «ስፖርት» በሉ። ስንቶቻችሁ ናችሁ «እስፖርት» ያላችሁ? «ስኩል»ን «እስኩል»፣ «ስትሪት»ን «እስትሪት» እንላለን። «ስሪ» ብለን ሦስትን እንጠራለን፤ እንግሊዙ ምላሱን በጥርሱ መሀል አድርጎ የሚያወጣት ድምፅ እኛ ዘንድ የለችም። የገጠር አባቶቻችን «ፖሊስ»ን «ቦሊስ» ቢሉ «ፐ» የኋላ እንግዳ ስለሆነች ነው። እኛ ደባርቆች ራሳችን አዲስ አበባ ስንወርድ «ሁኖ»፣ «ሁኗል» ስንል ተማሪ ቤት ውስጥ ይሳቅብናል። ጎንደር የአማርኛ አገር ነው እየተባለ!

ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳው ወንድማችን፣ ቤይሩት የሰው ቤት የምትሠራው እህታችን ይህንኑ ነው የሚኖሩት። እመቤቲቱ አረብኛዋን እያስመሰለች ለእንግዶቿ ስታስቅባት ስልክ ላይ እያለቀሰች የነገረችንን እህት «አይዞሽ፣ አላዋቂዎች ናቸው» ብለናታል። ትክክል ነው፣ አላዋቂነት ነው። ታዲያ ደባርቅ ላይ ሲሆን ስሙ ለምን ይለወጣል?

ከዚሁ ከስሜንና ከጎንደር ዙሪያ ወደ እስራኤል የሄዱትን ቤተ እስራኤሎችም አስቡ። በግንቦት 1983 ዓ.ም ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ተወስዷል። በጉልምስናቸው የሄዱት ዕብራይስጡ አፋቸው ላይ እንደ ድንጋይ ከበደ። በየቢሮው ልጆቻቸው አስተርጓሚ ሆኑ። እዚህ በመንደሩ የተከበረ ሽማግሌ እዚያ በልጁ አፍ የሚናገር ሆነ። የሚገርመው ደግሞ ልጆቹ አድገው የአባታቸውን መንደር ሊያዩ ሲመጡ የእነሱ አማርኛ በተራው ተሰበረ፤ «ረ»ን ከጉሮሯቸው ነው የሚያንከባልሏት። አንድ ትውልድ እዚያ ተሳቀበት፣ ቀጣዩ እዚህ። ይኼ ያሳዝናል እንጂ አያስቅም።

የማይታለፈውና የሚታለፈው

ወደ መምህርቷ ጉዳይ ልመለስና አንድ ነገር ልጨምር። ሰፈሩን ያስቀየመችው በ«ጠ» አይደለም። የተማረችበት መጽሐፍ «አንተ»ን ብቻ አስተምሯት ስለነበር አንድ የቆብ አባትን ከግቢው ማዶ «አባ፣ ና! ቡና አለ!» ብላ ጠራቻቸው። አባ ስቀው መጡ፤ እትዬ ግን አልሳቁም። ማታ ጠርተዋት «ልጄ፣ ምላስሽ ቢሰበር ማንም አይቀየምሽ። ትልቅ ሰው ‹ና› አይባልም፤ ‹ይምጡ› ነው፣ ‹ይግቡ› ነው» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ይምጡ»፣ «ይቀመጡ»፣ «ይብሉ» ብቻ ሆነ። ለፍየሏም ሳይቀር አንዳንዴ «ይውጡ» ትላት ነበር!

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። አነጋገር በአጥንት የገባ ነው፤ አክብሮት ግን የሚማሩት ነው። ሰውን በማይችለው ሳይሆን በሚችለው እንመዝነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለእኛ ለባለአገሮቹ፦

1. ሳቅ ቢያመልጣችሁ ይሁን፣ ሰው ናችሁ። ግን ስቃችሁ ስታበቁ መልስ ስጡ። መልስ የሌለው ሳቅ ነው የሚያቆስለው።

2. በአማርኛ ለጠየቃችሁ በአማርኛ መልሱ። እንግሊዝኛችሁን ልትለማመዱበት ከፈለጋችሁ ፈቃዱን ጠይቁት፤ «አስር ደቂቃ በአንተ ቋንቋ፣ አስር ደቂቃ በእኔ» በሉት። ሁለታችሁም ታተርፋላችሁ።

3. በቀስታ ተናገሩ እንጂ አትጩኹ። እንግዳው አልደነቆረም!

4. ስታርሙት ቃሉን በትክክል ደግማችሁ ንገሩት፤ የእሱን ስህተት አታስመስሉበት። «ቁልፍሽ ጠፋ? እኔ ልፈልግልሽ» ማለት እርማትም እርዳታም ነው።

5. ነገሩን ስሙ። ፊቷን፣ እጇን፣ እግሯን እዩ። ባዶ እግሯን እየሮጠች የምትመጣ ሴት ስለ ጥሩ መኪና ልታወራችሁ አይደለም።

6. ታናናሾቻችሁን ምከሩ። «ፈረንጅ! ፈረንጅ!»፣ «ሃይላንድ ስጠኝ!» እያሉ መከተል ለአንድ ቀን እንግዳ ወሬ ነው፤ ሁለት ዓመት ለሚኖር ሰው ግን በየቀኑ የሚወረወር ጠጠር ነው።

ለእንግዶቹም ምክር አለኝ፤ አማርኛ የሚያነብ ጓደኛ ካላቸው ያንብብላቸው፦

1. ከ«ጠ» በፊት «እርስዎ»ን ተማሩ። «እትዬ»፣ «ጋሼ»፣ «አባባ»፣ «እማማ» የማይከፍቱት በር የለም።

2. ለክፉ ቀን የሚሆኑ ቃላትን ለይታችሁ አጥኑ። «እርዱኝ» ምንም የሚፈነዳ ፊደል የለባትም። «ሐኪም» የለባትም። «ድረሱልኝ» የለባትም። «ጥሩልኝ» ስትሰበር «ድረሱልኝ» ትደርሳለች።

3. ዝም አትበሉ። እኛ ዘንድ ዝምታ ኩራት ይመስላል። የተሰበረ ሰላምታ ከሙሉ ዝምታ ይሻላል።

ዛሬስ?

ዛሬ ደባርቅ ላይ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» የሚለው ጩኸት ቀንሷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ ብዙዎቹ በጥድፊያ ወጡ፤ የሰላም ጓድ አባላትም ከዓለም ዙሪያ ሁሉ በዚያው ወር ተጠርተው ሄዱ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የክልሉ ግጭት። በቅሎ የሚያከራየውም፣ አስጎብኚውም፣ ባለሆቴሉም እንግዳ የሚናፍቅበት ጊዜ ሆኗል። እንግዳ ሲርቅ ነው ዋጋው የሚታወቀው።

እትዬ አሁንም ጠላቸውን ይጠምቃሉ። መምህርቷ በዓል በመጣ ቁጥር ስልክ ትደውላለች። ባለፈው ስጠይቃቸው «አማርኛዋ ተሻሻለ ወይ እትዬ?» አልኳቸው። «ኧረ የት! ብሶበታል እንጂ» አሉኝ። «ግን ስልኩን ሳነሳ ማን ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እንደሷ ‹እትዬ› የሚለኝ ሌላ ማን አለ?»

ሰላሙ ተመልሶ እንግዶቹም ሲመለሱ ደባርቅም፣ ዳባትም፣ አዲስ አበባም ያለን ወጣቶች ጆሯችንን አዘጋጅተን እንጠብቃቸው።